መጽሐፍ ፍለጋ በአምቡላንስ

በዛወርቅ ቶሎ የምትጸየፍ ሴት ነበረች። ድግስ ላይ ሌላ ሰው በጠጣበት ጣሳ ጠላ አትቀምስም። ደንበኛ በጫማው ጭቃ ይዞ ከገባባት የልብስ ስፌት ማሽኗን አቁማ መጥረጊያ ታነሳለች። «እሷ እኮ ከሰው አልተወለደችም» ይሏታል ጎረቤቶቿ፣ ግማሹ እየሳቀ፣ ግማሹ እየተቀየመ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከራቤል ወዲያ ባለች ትንሽ መንደር፣ ገበያው ዳር፣ የተማሪ ዩኒፎርምና የሴት ቀሚስ እየሰፋች ብቻዋን ትኖራለች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳው ተጠግቷል።

ንባብ የለመደችው ዘግይታ ነው። ትምህርቷን ገና በልጅነቷ አቋርጣለች። የጓሮ ክፍሏን ተከራይታ የኖረችው መምህርት ሰብለወንጌል ግን አንድ ቀን ልብ ወለድ አዋሰቻት። በዛወርቅ መጀመሪያ ፊደል እየለቀመች፣ ኋላ እየሮጠች፣ በመጨረሻ ወጥ እያሳረረች አነበበችው። ሌላ ጠየቀች። ሰብለወንጌል ያላትን ሁሉ ሰጥታ ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። መምህርቷ ዝውውር አግኝታ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄድ መጻሕፍቱም አብረዋት ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ። በዛወርቅ ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቅዳጅ ሳይቀር በእጇ እየዳመጠች ማንበብ ያዘች።

ታኅሣሥ ላይ ጨርቅ የሚያመጣላት ነጋዴ፣ መሐል ሜዳ ከመነኸሪያው ጀርባ መጽሐፍ ቤት መከፈቱን ነገራት።

«ደብተርና እስክሪብቶ ነዋ?» አለችው።

«ኧረ መጽሐፍ ነው የምልሽ! ከወለል እስከ ጣሪያ።»

በሕይወቷ መጽሐፍ ራሷ መርጣ አታውቅም፤ ሰው የሰጣትን ነው ስታነብ የኖረችው። መደርደሪያ ፊት ቆማ፣ ይህን ገልጣ ያንን መልሳ፣ ደስ ያላትን ይዛ መውጣት አማራት። የጥምቀትን ስፌት እንደጨረሰች፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ ገላዋን ታጥባ፣ የታጠበ ነጠላዋን ተከናንባ፣ መጽሐፉን የምትጠቀልልበት ንጹሕ አቡጀዲ በዘንቢሏ ይዛ መንገድ ዳር ወጣች።

አውቶቡሱ አልመጣም። ነዳጅ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሲመጣም ሲቀርም የሚነግር የለም። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ የገብሱን አውድማ ሸፍኖታል፤ ብርዱ ጣት ይቆረጥማል። ተስፋ ቆርጣ ልትመለስ ስትል የጤና ጣቢያው አምቡላንስ መጥቶ ከተሰበሰበው ሰው አጠገብ ቆመ። ሾፌሩ ወንዳፈራሁ በመስኮት አንገቱን አወጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የሰውን ሁሉ ስም የሚያውቅ ጎልማሳ ነው።

«መሐል ሜዳ! ቦታ ሳያልቅ ፈጠን በሉ!» ከዚያ በዛወርቅን አያት። «እትዬ በዛ፣ እርስዎም ተጓዥ ነዎት? ይግቡ እንጂ።»

«ይሄ የበሽተኛ መኪና አይደለም እንዴ?» አለችው።

«ዛሬ በሽተኛ የለም። ሁሉም ደህና ነው፣ ተመስገን በሉ!» ሰዉ ሳቀ፣ እየተጋፋም ገባ።

በዛወርቅ ትንሽ አመነታች። መጽሐፍ ቤቱ ግን በዓይኗ ላይ ይሄድባታል። ነጠላዋን ሰብስባ ከኋላ ወጣች።

ውስጡ አፍንጫ ይሰነፍጣል። በግራና በቀኝ ካሉት አግዳሚዎች ላይ ሰው እንደ ባቄላ ነዶ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። በሽተኛ የሚተኛበት አልጋ ላይ እስከ ጣሪያው ድረስ የእህል ጆንያ ተቆልሏል፤ ሥሩ የአረቄ ጀሪካን ተወሽቋል፤ ክዳኑ ስለማይገጥም በየጉድጓዱ ጠብ ይላል። ከበሩ አጠገብ ሁለት ሙክቶች ታስረዋል። አንደኛው ወለሉ ላይ ሸንቶ፣ ሽንቱ መኪናው ሽቅብ ሲወጣ ወደ በሩ፣ ቁልቁል ሲወርድ ወደ ሰዉ እግር ይሄዳል። በዛወርቅ ጫማዋን ከፍ አድርጋ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ ያለው ሰውዬ የተቀቀለ እንቁላል ልጦ በላና ቅርፊቱን እዚያው በሽንቱ ላይ ጣለው። ሊያስመልሳት መጣ። ግድግዳው ላይ የተሳለውን ቀይ መስቀል እያየች ትንፋሿን ያዘች።

ሙክቶቹም እህሉም የእህል ነጋዴው የአፈወርቅ ናቸው። እሱ ራሱ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል። በጋቢናውና በኋላው መካከል ያለችው ትንሽ መስኮት ክፍት ስለነበረች የሚያወሩት ይሰማል። ጥቂት እንደሄዱ የወንዳፈራሁ ስልክ ጮኸ።

«ነዳጅ የለም አልኳችሁ እኮ!» አለ ወንዳፈራሁ በስልኩ። «ቆሞ ነው ያለው! ከየት ላምጣ? በሽንቴ ልንዳው?» ዘጋው።

«ማነው?» አለ አፈወርቅ።

«ምጥ የያዛት አለች ይላሉ፣ ከታች ከቆላው ጫፍ። ከትናንት ጀምረው ነው የሚደውሉት። የእነሱ ምጥ መቼ ያልቃል!» ሁለቱም ሳቁ።

በዛወርቅ ከሽንቱ ይልቅ ይህ ሳቅ አንገሸገሻት። ወደ መስኮቷ ተጠግታ፣ «አንተ ወንዳፈራሁ፣ ሴትዮዋ የት ነው ያለችው?» አለችው።

«ይተዉት እትዬ በዛ፣ ከመንገድ ወጣ ያለ ነው። ጤና ኬላ አላቸው።»

«ነዳጅማ አለህ።»

«እኛን ለማድረስ የምትበቃ ነች» አለና ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

ዞር ብላ ሰዎቹን አየች። እንቁላል የበላው ሰውዬ ወደ ጣሪያው አየ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። በሳምንት አንድ መኪና በሚያገኙበት አገር፣ ከተሳፈርኩበት አውርዱኝ የሚል ማን ነው? በዛወርቅም ዝም አለች፤ ዝም ማለቷንም አፏ ውስጥ እንደ እሬት ቀመሰችው።

ዳገቱን ሲጨርሱ ጉሙ ተገለጠ። ከፊታቸው ሰዎች መንገዱን ሞልተው ይሄዳሉ። በትከሻቸው ቃሬዛ ተሸክመዋል። ቃሬዛው ላይ በጋቢ የተሸፈነ ሰው አለ፤ ሁለት ሴቶች ከጎን ከጎኑ እየሮጡ «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ። ወንዳፈራሁ ክላክሱን ነፋ። አልሰሙትም። የአምቡላንሱን ሳይረን ከፈተው።

ያን ጊዜ ሰሙ። ዞረው ሲያዩ ፊታቸው በራ። ከፊት የተሸከመው ወጣት፣ «መጣ! መጣ! እመብርሃን ላከችልን!» ብሎ ጮኸ። ቃሬዛውን ከመንገዱ ጠርዝ በቀስታ አወረዱት። ሴቶቹ እልል አሉ። አምቡላንሱ ግን ባገኘው ክፍተት በጎናቸው አለፈ። አቧራው ቃሬዛው ላይ ወረደ። በዛወርቅ በኋላው መስታወት፣ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ አፋቸው እንደተከፈተ የቀሩትን ሰዎች አየቻቸው። ሳይረኑ አሁንም ይጮሃል።

«አቁም!» አለች። የጋቢናውን መስኮት በመዳፏ ደበደበችው። «አንተ አረመኔ፣ አቁም!»

«እነሱ ደርሰዋል እኮ፣ ቅርብ ነው!» አለ ወንዳፈራሁ ወደ ኋላ ሳያይ።

መሐል ሜዳ ለእግረኛ፣ ያውም ቃሬዛ ለተሸከመ፣ ቅርብ አልነበረም። በዛወርቅ ተነሳች። መኪናው ጠጠሩን እየፈራ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። የኋላውን በር ከፈተችው፤ ብርዱ ገባ። ተንበርክካ በሽንት የራሰውን ገመድ ፈታችና አንዱን ሙክት በሁለት እጇ ገፋችው። ሙክቱ ዘሎ ወረደና በሜዳው ላይ ፈረጠጠ።

«በጌን! በጌን!» አለ አፈወርቅ ከፊት። «ኧረ ፍሬን ያዝ! በጌ ወረደ!»

ወንዳፈራሁ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ።

አፈወርቅ በጉን ሊይዝ ሲሮጥ፣ ሰዎቹ ቃሬዛቸውን እንደገና አንስተው ወደ መኪናው ሮጡ። ቃሬዛው ላይ ያለችው እመቤት የምትባል ልጅ እግር ሴት ነበረች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አትጮህም፤ ጩኸቱ አልቆባታል። ከፊት ሲሸከም የነበረው ወጣት ባሏ ሀዲስ ነው። ወንዳፈራሁን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ነዳጅ ተገኘ?» አለ። በነገር አልነበረም የጠየቀው። ከልቡ ነበር።

ወንዳፈራሁ አንገቱን አከከ። «አሁን ገና ነው የተገኘው። በሉ ቶሎ ጫኗት፤ ሰዓት የለንም።»

ተሳፋሪዎቹ እያጉረመረሙ ወረዱ። «እኛስ እዚህ ሜዳ ላይ ልንቀር ነው?» አለ ባለ እንቁላሉ። «ከፍለናል እኮ!» በሽተኛ የሚተኛበት አልጋ ላይ ጆንያው እንደተቆለለ ነው። ሀዲስ አንዱን ሊያወርድ ሲያነሳ አፈወርቅ በጉን እየጎተተ ደርሶ፣ «አትንካ! ሣሩ ጤዛ ነው፣ እህሌን ታበላሻለህ» አለ። ወንዳፈራሁም «ወለሉ ላይ አስተኟት፣ ይበቃታል» ብሎ ወደ መሪው ሄደ።

ወለሉ የበግ በጠጥ፣ የእንቁላል ቅርፊትና አረቄ ነበር። በዛወርቅ በጠጡን በእጇ ጠረገችው። ነጠላዋን አነጠፈች። እመቤትን ሲያስገቧት ራሷን ጭኗ ላይ አስደገፈቻት። ሁለተኛውን ሙክት ሀዲስ ፈትቶ ለአፈወርቅ ሰጠው፤ አፈወርቅም አንዱን ከነገመዱ ለባለ እንቁላሉ አደራ ብሎ፣ ሌላውን ጋቢና ውስጥ እግሩ ሥር አስገብቶ ተቀመጠ። በዚያ ቀን ከፊት ወንበር ቦታ ያገኘው በግ ነው። ከቃሬዛው ጎን ሲሮጡ ከነበሩት ሴቶች አንዷ የእመቤት እናት ነበሩ፤ እሳቸውም ቦታ አጥተው መንገድ ላይ ቀሩ።

በዛወርቅ ወልዳ አታውቅም። ሴት ስትወልድም አጠገብ ቆማ አታውቅም፤ ደም ማየት ያማታል። መኪናው በዘለለ ቁጥር እመቤት ክንዷን ጨምድዳ ትይዛታለች። ሀዲስ ከእግሯ ሥር ተንበርክኮ «ማርያም ትቅረብሽ፣ ማርያም ትቅረብሽ» ይላል፣ ሌላ ቃል እንደጠፋበት ሰው። አንድ መታጠፊያ ላይ እመቤት ሰውነቷን ወጠረች፤ በዛወርቅ የእመቤትን ራስ ለሀዲስ አስይዛ ወደ እግሯ ዞረች፤ ሕፃኑ እጇ ላይ ወጣ። ጠቁሮ ነበር። በዛወርቅ በአቡጀዲው ጠቀለለችው፤ ጀርባውን አሸችው፤ የመጸየፍ ነገር ከየት መጥቶ፣ አፉን በጣቷ ጠርጋ እፍ አለችበት። አላለቀሰም።

«ምነው ዝም አለ?» አለች እመቤት።

ከፊት ሬዲዮው ይዘፍናል።

የመሐል ሜዳ ሆስፒታል በር ላይ ሲደርሱ ነርሶች ወጥተው እመቤትን ከነሕፃኑ በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷት። በዛወርቅ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ቀሚሷ በደምና በእንሽርት ውሃ ርሶ እግሯ ላይ ይጣበቃል። ብዙም ሳይቆይ አንዲት አዋላጅ ወጣች።

«እናትየዋ ትተርፋለች። ደም እየሰጠናት ነው» አለች። ወደ ሀዲስ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጁን ግን ማትረፍ አልቻልንም። እግዚአብሔር ያጽናህ። ሌሊቱን መጥታችሁ ቢሆን…»

ሀዲስ ወደ ውጭ ወጣ፤ በዛወርቅም ተከተለችው። ወንዳፈራሁ መኪናውን ተደግፎ ከሆስፒታሉ ዘበኛ ጋር ያወራል። «እንዴት እንደነዳሁት ባየህ!» ይላል። ሀዲስ ሄዶ እግሩ ላይ ወደቀ። ጉልበቱን ሳመው።

«ሚስቴን አተረፍክልኝ። ዕድሜ ይስጥህ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥህ።»

«ተው፣ ተው፣ ሥራችን ነው» አለ ወንዳፈራሁ፤ ጉልበቱን ግን አላሸሸም። ዘበኛው «እንዲህ ያለ ሰው ያብዛልን» አለ።

ያን ሁሉ ሽንትና ደም የቻለ የበዛወርቅ ሆድ ይህን አልችል አለ። አጥሩ ጥግ ሄዳ አስመለሳት። አፏን በክንዷ ጠርጋ ተመለሰች።

«ተነስ ልጄ» አለች ሀዲስን። «ይህ ሰው በስልክ ነዳጅ የለም ሲልህ እኛን ጭኖ እየሄደ ነበር። አጠገብህ ሲያልፍ ሊወስድህ አልነበረም። የቆመው ለበግ ነው። ለበግ!»

ዘበኛው ወደ ሰማይ አየ። ወንዳፈራሁ ፈገግ ብሎ፣ «እትዬ በዛ ደንግጠዋል፣ ይረፉ» አለ። ሀዲስ ቀስ ብሎ ተነሳ። የበዛወርቅን ክንድ ይዞ ራቅ አደረጋትና በሹክሹክታ፣

«አውቃለሁ እናቴ» አላት። «አይቻለሁ እኮ፤ ዓይን አለኝ። ግን ነገም የምንደውለው ለእሱ ነው። እህቴም እርጉዝ ናት። እባክዎን ይተዉኝ።»

በዛወርቅ የሆስፒታሉን ቧንቧ ከፍታ እጇን፣ ክንዷን፣ የቀሚሷን ጫፍ አጠበች። ከዚያ፣ ወዴት መሄድ እንዳለባት ሌላ ስለማታውቅ፣ ወደ መነኸሪያው ጀርባ ሄደች።

መጽሐፍ ቤቱ በሞባይል ጠጋኝና በፀጉር ቤት መካከል ያለች አንድ ክፍል ናት። ጨርቅ ነጋዴው አልዋሸም፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው። ባለቤቱ ይሥሐቅ የሚባል መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ነበር። ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ።

«ምነው እህቴ፣ ተጎድተዋል እንዴ?»

«ደሙ የኔ አይደለም» አለች። ከበሩ አልፋ አልገባችም። እጇን አሸተተችው፤ አሁንም ይሸታል። «እንዳላቆሽሽብዎት። እዚሁ ቆሜ ልይ።»

ይሥሐቅ ጀሪካንና ሳሙና አወጣላት። እያፈሰሰላት ደጅ ላይ ሁለት ጊዜ ታጠበች። ወንበርም ሰጣት። ምን እንደሆነች ሲጠይቃት ሁሉንም ነገረችው፣ ከሳይረኑ እስከ ጉልበቱ መሳም። አዳመጣት፤ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔም መጽሐፌን ከመነኸሪያው ሳጣ አንዳንዴ በእሱ ነው የማስመጣው» አለ በመጨረሻ። «ምን ይደረግ? እሱም ባይኖር ይብስ ነበር።»

በዛወርቅ ቀና ብላ አየችው። ደግ ፊት ነበረው፤ ውሃውንም ያፈሰሰላት በትሕትና ነው። ግን ይህንኑ ቃል ነበር ተሳፋሪዎቹ ዓይናቸውን ሲያዞሩ ያሉት፣ ዘበኛውም ሀዲስም ያሉት፤ አገሩ ሁሉ በአንድ ድስት የበሰለ መሰላት። መደርደሪያው ፊት ቆመች። አንዱን ገልጣ መለሰች፤ ሌላውንም። ፊደሉ ዓይኗ ላይ አልቆም አላት። ያሰበችው ደስታ አልመጣም። ቢሆንም ባዶ እጇን መመለስ እልህ ሆኖባት፣ ወፈር ያለ የድሮ ልብ ወለድ መርጣ ወሰደች።

ስትወጣ አምቡላንሱ መነኸሪያው በር ላይ ቆሟል። «ራቤል! ራቤል!» ይላል ወንዳፈራሁ። ወለሉ ላይ ገለባ ተበትኗል፤ ከገለባው ሥር ደሙ ገና አልደረቀም። ከፊት ያለውን በር ከፈተላት። «ለእርስዎ ይዤልዎታለሁ እትዬ በዛ። ተጣልተን አንቀርም።»

በዛወርቅ ወደ ኋላው በር ሄደች። የተቀመጡትን ሰዎች አየቻቸው። «ይህ ገለባ የሸፈነው ዛሬ ጠዋት የሞተ ሕፃን ደም ነው» አለች። «ሾፌሩ ሰው ጭኜያለሁ ብሎ እናቱን ሊተዋት ነበር። እግራችሁን ልብ በሉ።»

አንዲት ባልቴት እያማተቡ ወረዱ። ሌሎቹ እግራቸውን ትንሽ ሰበሰቡና ቦታቸውን ያዙ። አምቡላንሱ ሞልቶ ሄደ።

በዛወርቅ ከዘመድ ቤት አድራ በነጋታው በአይሱዙ ላይ ተጭና አገሯ ገባች። ሰኞ ዕለት ጤና ጣቢያው ሄዳ ለኃላፊው ተናገረች። ለጥቂት ሳምንት አምቡላንሱ ተሳፋሪ መጫን አቆመ። መንደሩም አኮረፋት። «መኪና አስቀረችብን» አሉ። ሁለት ደንበኞቿ ጨርቃቸውን ወስደው ለሌላ ሰፊ ሰጡ። ከዚያ ነገሩ ቀስ ብሎ ወደነበረበት ተመለሰ፤ ወንዳፈራሁም እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ክላክሱን እየነፋ በበሯ ያልፋል።

አንድ የገበያ ቀን አፈወርቅ የተቀደደ ኮት ይዞ መጣ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

«ውሰደው፣ አልሰፋም» አለችው።

«ለምን? የኔ ብር ይሸታል?»

«አዎ፣ ይሸታል» አለችና ማሽኗን መርገጥ ጀመረች።

ልብ ወለዱን ጨርሳዋለች። ሌላ ሲያምራት አሁንም መንገድ ዳር ወጥታ ትቆማለች። አምቡላንሱ ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች፤ አውቶቡሱ ካልመጣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። መጽሐፍ ቤቱ ለመድረስ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል።